ቦርጭ ለመጣል እንጦጦ የምትወጡ፣ እስቲ ስሙኝማ!

ቅዳሜና እሁድ ማለዳ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ተነስቶ በጉራራ በኩል ሽቅብ የሚተመውን ወጣት ላየ፣ የካ በሙሉ ቦርጩን ሊጥል የተሰደደ ነው የሚመስለው። ቱታ የለበሰ አለ፣ በጂንስ የመጣ አለ፣ ሆዱን በላስቲክ ጠቅልሎ ከላዩ ሹራብና ጃኬት ደርቦ የሚያለከልክም አለ። እኔ ደግሞ ወሬ ስለምወድ አብሬ እያዘገምኩ የሚባለውን ሁሉ እሰማለሁ። ምን ያልሰማሁት ጉድ አለ!

"ላቡ ከወጣ ስቡ ቀለጠ" ይላል ባለላስቲኩ። ላብ እኮ ውሃና ጨው ነው ወገኖቼ! ወርዶ ሚዛን ላይ ቢቆም አንድ ኪሎ ቀንሶ ሊያገኘው ይችላል፤ አንድ ሊትር ውሃ ሲጠጣ ግን ኪሎዋ ተመልሳ ከች ትላለች። እኔን የሚያሰጋኝ ልጁ ራሱን ስቶ እንዳይወድቅ ነው። የእንጦጦ አናት ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ባህር ዳርቻ ካለው በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። ታዲያ በዚህ ላይ ላስቲክ ምን ይባላል?

ዋናው ትርዒት ያለው ባህር ዛፉ መሀል ያለችው ሜዳ ላይ ነው። አንዱ በጀርባው ይጋደማል፣ ጓደኛው እግሩ ላይ ይቀመጥበታል፣ ሌላው ይቆጥራል። "ሁለት መቶ ሠላሳ… አይዞህ፣ ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ…" ሆድን ያሠራ ሰው የሆዱ ስብ ይጠፋለታል ነው ሐሳቡ። እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ይህንኑ ፈትኖት ነበር። 13 ወንዶች በ27 ቀን ውስጥ እያንዳንዳቸው 5,004 ሲት አፕ ሠሩ። ከሆዳቸው፣ ከጀርባቸውና ከመቀመጫቸው የስብ ናሙና ተወስዶ ሲለካ፣ የሆዱ ስብ ከሌላው ተለይቶ አልቀነሰም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሰውነት ስብ ሲያወጣ እንደ ዕድር መዋጮ ከየቤቱ ነው የሚሰበስበው። ማን ቀድሞ እንደሚከፍል የሚወስነው ደግሞ ዘርና ጾታ እንጂ የእኛ ጩኸት አይደለም። የብዙ ወንዶች ሆድ መጨረሻ ላይ ከሚከፍሉት ክፉ ዕድርተኞች አንዱ ነው።

አንድ የማውቀው የታክሲ ረዳት አለ። ሠርጉ ሁለት ወር ሲቀረው "ሱፉ ሆዴ ላይ አልዘጋ አለ" ብሎ በቀን 500 ሲት አፕ ጀመረ፤ ዕረፍት የለ፣ ምን የለ። በሦስተኛው ሳምንት ወገቡን ያዘው። ቀኑን ሙሉ ሚኒባስ ውስጥ ጎንበስ ብሎ የሚውል ሰው ወገቡ ሲያዝ እንጀራው ተያዘ ማለት ነው። ቤት ዋለ፣ ለድንኳን ቀብድ የሰጠው ገንዘብ ተበላ፣ ሠርጉም ወደ ፋሲካ ማግሥት ተገፋ። እጮኛው ምን እንዳለችው ብትሰሙ! "እኔ ያፈቀርኩህ ከነቦርጭህ አይደል እንዴ?"

እግር ተይዞ ሲት አፕ ሲሠራ ብዙውን ሥራ የሚወስደው ጭንና ዳሌን የሚያጥፈው ጡንቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ከታችኛው አከርካሪ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ወገብን ይጎትታል። የአሜሪካ ጦር እንኳ ሲት አፕን ከአካል ብቃት ፈተናው አስወጥቶ በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ቀጥ ብሎ መቆየትን፣ ማለትም ፕላንክን ተክቶበታል።

ስለዚያች ስለምትፈለገዋ "ስድስት ፍሬ"ም ላንሳ። ከደረት አጥንት እስከ ታች የሚወርደው አንድ ረጅም ጥንድ ጡንቻ ነው፤ "ዛሬ ላይኛውን፣ ነገ ታችኛውን" እየተባለ ለብቻ የሚሠራ ሁለት ሆድ የለም። ፍሬ የሚያስመስሉት በመሀል የሚያቋርጡት ጅማቶች ናቸው፤ ቁጥራቸውም አብሮን የተወለደ ነው። አራት ይዞ የተወለደ ሰው እንጦጦ ላይ ቤት ቢሠራ ስድስት አይሆንለትም።

በዚያው መንገድ ቁልቁል የሚመጡትን እናቶች ልብ ብላችሁ አይታችኋል? 30 ኪሎና ከዚያ በላይ የሆነ የባህር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው ለሁለት ታጥፈው ይወርዳሉ። አንድ ቀን አንዷ እናት ሸክማቸውን ድንጋይ ላይ አስደግፈው ሲያርፉ ሲት አፕ የሚሠሩትን ልጆች አዩና "ልጄ፣ እነዚህን ምን ነካቸው?" አሉኝ። "ሆድ ለማጥፋት ነው እማማ" አልኳቸው። ሳቁ። "የእኔስ ሳልበላ ነው የጠፋው" አሉ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ጓደኞቼ እነዚህን ሴቶች እያዩ "ተፈጥሯዊ ስፖርተኛ" ሲሉ ይገርመኛል። ሸክሙ ወገብና ጉልበት ነው የሚበላው።

የሆድ ጡንቻ ዋና ሥራ አከርካሪን ደግፎ መያዝ ነው፤ ለፎቶ የተፈጠረ አይደለም። አበበ ቢቂላ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን ያሸነፈው ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ሁለት ወር ሳይሞላው ነበር። በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ገብቶ ሣሩ ላይ ጋደም አለና እግሩን ወደ ላይ እያነሳ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። እንዲህ ያለ ሆድ ነው ሆድ ማለት!

እንግዲህ ዳገቱን በፈጣን እርምጃ ውጡት፣ ላይ ስትደርሱ ሁለት ሦስት ፕላንክ ሥሩ፣ በማግሥቱ ጡንቻውን አሳርፉት። ከእንጦጦ ወርዶ ቀጥታ ክትፎና ቢራ ቤት የሚገባውን ወንድሜን ግን ምን ልበለው? ስትወርዱ ደግሞ ቀስ በሉ፤ ደረቅ የባህር ዛፍ ቅጠል እንደ ሳሙና ነው የሚያንሸራትተው።