ከድልድዩ እስከ እቴጌ ቤት

«ሃብተ ጊዮርጊስ ወራጅ አለ?» አለ ረዳቱ። ድልድዩ ጋ ወረድሁ። ገና ማለዳ ነው፤ ወደ መርካቶ የሚወርደው ሰው መንገዱን ሞልቶታል። ይህን ስም በቀን ስንት ሺህ አፍ ይጠራዋል! ፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ አባ መላ፣ በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው መጥተው በ1900 ዓ.ም. የምኒልክ የጦር ሚኒስትር ለመሆን የበቁ ሰው ናቸው። በ1919 ዓ.ም. አረፉ፤ ስማቸው ግን በድልድዩና በሰፈሩ ላይ ቀረ።

ዳገቱን ወጥቼ ጊዮርጊስን ተሳለምሁ፤ ከምኒልክ ሐውልት ወደ ፒያሳ አቀናሁ። በ2016 ዓ.ም. ከፈረሰው ሰፈር አጠገብ ሳልፍ እግሬ ከበደኝ። የማውቃቸው በረንዳዎች የሉም።

እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ግን ቆሟል። የእንጨቱ ደረጃ ሲረግጡት ዛሬም ሲጥ ይላል። እቴጌይቱ ይህን ቤት ሲከፍቱ ምግብ በገንዘብ መብላት ለአገሬው ነውር ነበር። ስለዚህ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው መጥተው፣ በልተው፣ ሒሳብ ከፍለው አሳዩ ይባላል። እኔ በሄድሁበት ቀን ለጾም ቡፌው ሰው ተሰልፎ ነበር።

ሰገነቱ ላይ ተቀምጬ ያሰብሁት ግን ሌላ ነው። መጋቢት 1902 ዓ.ም. እቴጌይቱን ከሥልጣን ካወረዱት መኳንንት አንዱ እኒያው የድልድዩ ሰውዬ ናቸው። ጣይቱ በ1910 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ ዐረፉ። ቤታቸው «ኢምፔሪያል» የተባለበት ዘመን አለ፤ በደርግ ጊዜ የመንግሥት ሆነ፤ ኋላም ወደ ግል ዞረ። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት እሳት ገባበት። እዚያው ሆቴል ውስጥ ስንት ማታ ሙዚቃ የሰማንበት ጃዝ አምባ ያን ቀን ወደመ። ቤቱ ይህን ሁሉ አልፎ ዛሬም የሚጠራው በእሳቸው ስም ነው። የተፋለሙት ሁለቱ ሰዎች ዛሬ የአንድ ሰፈር ጎረቤት ናቸው፤ በእግር ብዙ አያስኬድም።

ስመለስ የፈረሰውን ቦታ ደግሜ አየሁት። ከእነዚያ ቤቶች ውስጥ የማን እንደነበሩ የማውቃቸው ከሦስት አይበልጡም። አራዳ ያደጋችሁ፣ የየቤቱን ባለቤት ስም ከእናት ከአባታችሁ የሰማችሁ፣ እባካችሁ ዛሬውኑ በወረቀት አስፍሩት።