ከአምደወርቅ እስከ ሐሸንጌ

ከአምደወርቅ በሌሊት የተነሳ መንገደኛ ሰቆጣ አጠገብ ከአለት የተፈለፈለውን ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስን አይቶ፣ በኮረም በኩል ሐሸንጌ ሐይቅ ይደርሳል። አስጎብኚያችን ቆሞ ያስረዳን በዚያው በወፍላ ምድር ነው። በ1541 እ.ኤ.አ. በምጽዋ የገቡት 400 ያህል ፖርቱጋሎች በነሐሴ 1542 እዚህ በኢማም አሕመድ ኢብኑ ኢብራሂም ጦር ተሸነፉ፤ አለቃቸው ክሪስቶቮ ዳ ጋማም ተማርኮ ተገደለ። በየካቲት 1543 ደግሞ ኢማሙ ወይናደጋ ላይ ወደቁ።

ከተማሪዎቹ አንዱ «ታዲያ ድሉ የማን ነው?» ሲል ጠየቀ። ወላጆች ሆይ! መልሱን ሳንሸራርፍ እንንገራቸው። ያኛው ወገን የፖርቱጋልን፣ ይኸኛው የኦቶማን ቱርክን ነፍጥ ይዞ ነበር፤ በጦርነቱ ዓመታት ከሁለቱም ወገን በብዛት ያለቀው ግን የዚህችው አገር ልጅ ነው። ልጆቻችን የጎረቤታቸውንም ሐዘን አብረው ይማሩ።