ቲኬት የማይቆረጥበት ዋሻ

ወደ ወላይታ ሶዶ የወረድነው ዘመድ ልንጠይቅ ነበር። ልጆቹ የመንፈቀ ዓመቱን ፈተና ጨርሰው ስለነበር ሁሉንም ይዘን ተነሣን።

ከአዲስ አበባ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል ወደ ሶዶ የሚሄድ መንገደኛ ሳያስበው የሩቅ ዘመን ሰዎችን እያለፈ ነው የሚጓዘው። የአዋሽን ወንዝ ሲሻገር መልካ ቁንጡሬን ያገኛል፤ አለፍ ሲል ጢያ አለ። ጢያ እ.ኤ.አ. በ1980፣ መልካ ቁንጡሬ ደግሞ ከባልጪት ጋር በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍረዋል። ጢያ ላይ ወርደን ቲኬት ቆረጥን፤ ልጆቹም ሰይፍ የተቀረጸባቸውን ድንጋዮች እየዞሩ ቆጠሩ። ሒሳቡ ለአንድ ሰው ቀላል ነው፤ ሰባት ሆኖ ለተሳፈረ ቤተሰብ ግን ከምሳው ጋር ይደመራል። ከዓመታት በፊት በአንድ ቤተ መዘክር ደጃፍ ኪሳችንን ቆጥረን፣ ሁለቱን ትልልቅ ልጆች አስገብተን፣ የቀረነው ጥላ ሥር ተቀምጠን የጠበቅንበት ቀን ነበር። ትንሿ ልጃችን «እኔስ ምን አጠፋሁ?» ያለችን እስከ ዛሬ አይረሳንም።

ሶዶ ከ2023 ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ናት። ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋው የዳሞታ ተራራ ከበላይዋ ቆሟል፤ ከየትኛውም ሠፈር ቀና ሲሉ ይታያል። ማታ የቤቱ አባወራ አጎታችን ስለ ጢያ ስናወራ ሰሙና፣ «እዚህም እኮ አለ። ዳሞታ ጎን ላይ ፈረንጆች ሲቆፍሩ የከረሙበት ዋሻ አለ፤ ሞቼና ቦራጎ ይባላል። መግቢያውም በነፃ ነው» አሉ ሳቅ ብለው። እርስዎ አይተውታል ወይ ብንላቸው፣ ሠላሳ ዓመት ሶዶ ኖረው አንድም ቀን አልወጡበትም። «ሁልጊዜ እዚያው ስለሆነ ነው» አሉን።

በማግሥቱ ባጃጅ እስከሚደርስበት ሄደን የቀረውን በእግራችን አዘገምን። መንገዱ በእንሰትና በቡና መሐል ያልፋል። ያገኘነው ሁሉ «ሳሮ» እያለ ሰላምታ ይሰጠናል። ቃሉ ሰላም ማለት እንደሆነ አጎታችን ሲነግሩን ልጆቹ ከእኛው «አሰላሙ ዐለይኩም» ጋር እያስተያዩ መንገዱን ሁሉ «ሳሮ» ሲሉ ዋሉ።

ዋሻ ይባል እንጂ ሞቼና ቦራጎ ጨለማ ጉድጓድ አይደለም። ተራራው ራሱ እንደ ትልቅ ሰቀላ ጣሪያውን ዘርግቶ የቆመበት መጠለያ ነው፤ አፉ ወደ 70 ሜትር ይሰፋል። በክረምት ፏፏቴ ፊቱ ላይ እንደ መጋረጃ ይወርዳል፤ በሄድንበት በጋ ግን ቀጭን ውሃ ብቻ ነበር። ለውዱእ በቃን፤ ዙህርን እዚያው ሜዳ ላይ ሰገድን።

በ1990ዎቹ መጨረሻ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች እዚህ መቆፈር ጀመሩ። ከ2006 ጀምሮ ደግሞ በአሜሪካ የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ስቲቨን ብራንት የመሩት ቡድን ቀጠለ። ከአፈሩ ድርብርብ ውስጥ ከ50,000 ዓመት በፊት ሰዎች ከባልጩት የጠረቧቸው መሣሪያዎች ወጥተዋል። ተመራማሪዎቹን እዚህ ያመጣቸው ጥያቄ የአየር ንብረቱ ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ቆላ በድርቅ በተመታበት ዘመን ሰዎች ዝናብ ወደማይጠፋበት ወደዚህ ደጋ ሸሽተው ይሆን? ቁርኣን በምድር ላይ ተጉዘን ከእኛ በፊት የነበሩትን እንድንመለከት ደጋግሞ ያዘናል። ይህን ትእዛዝ ስናነብ ሩቅ አገር የሚታየን ብዙዎች ነን፤ የሶዶ ልጅ ግን በግማሽ ቀን እግሩ ይፈጽመዋል።

ታዲያ በሄድንበት ቀን ቲኬት የሚቆርጥ የለም፤ አጥር የለም፤ የከብት አዛባ ግን ነበር። እዚህ ላይ «በነፃ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም እንዳለው ገባን። አንዱ፣ ሌላ ሰው ቀድሞ ስለከፈለልህ ግባ ማለት ነው። ሌላው፣ ማንም ስላልከፈለበት የሚጠብቀው የለም ማለት ነው። የመጀመሪያው ለሙስሊሙ ዓለም እንግዳ አይደለም። በካይሮ ዐብዱረሕማን ከትኹዳ በ1744 ያሠራው ሰቢል ዛሬም ቆሟል፤ ከታች መንገደኛ ውሃ ይጠጣበት፣ ከላይ ሕፃናት ቁርኣን ይቀሩበት ነበር። ጠጪው ባይከፍልም ቀጂውና መምህሩ ያለ ደመወዝ አልቀሩም፤ እንዲህ ላለው ቤት ማደሪያ የሚሆን ወቅፍ ይቆምለት ነበርና። ለንደን ያለው የብሪታንያ ሙዚየምም በ1759 ሲከፈትም ሆነ ዛሬ ያለ ክፍያ ያስገባል ቢባል ወጪውን መንግሥትና ለጋሾች ይሸፍኑታል። (በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱ ዕቃዎቻችንም እዚያው ናቸው። መግቢያው በነፃ ነው፤ ቪዛው ግን አይደለም።)

በእኛ አስተያየት ለአገሩ ልጆችና ለተማሪዎች የቅርስ ደጃፍ ሁሉ ክፍት ሊሆን ይገባዋል፤ በዓለም የሙዚየም ቀን በሜይ 18 ብቻ ሳይሆን ዓመቱን በሙሉ። ከሩቅ የመጣን እኛ እንክፈል። ገንዘቡ ግን ሌላ ቦታ ሳይደርስ ለዘበኛ፣ ለአጥርና ለመንገዱ ይዋል። ባለ ሀብቶቻችንም ለመስጊድ ምንጣፍ እንደሚያወጡት ሁሉ የአንድ ዘበኛ የዓመት ደመወዝ ቢችሉ የሚከብዳቸው አይመስለንም።

ልንወርድ ስንል እርሻቸው ከዋሻው አጠገብ የሆነ አንድ ሽማግሌ መጡ። አጎታችን በወላይትኛ አነጋገሯቸው። በልጅነታቸው ከብት ከዝናብ ያስጠልሉበት እንደነበር፣ ምን እንዳለበት ያወቁት ቆፋሪዎቹ ሲመጡ እንደሆነ ነገሩን። ጥቂት ብር አውጥተን «አባቴ፣ ለመግቢያ ይሁን» ብንላቸው እጃችንን መለሱት።

«ደጄ የመጣ እንግዳ አላስከፍልም» አሉ በአጎታችን አስተርጓሚነት። «ያ ልጅ ግን ኪሱ የከተተውን ይመልስ።»

ሁላችንም ወደ ልጁ ዞርን። የአሥር ዓመቱ ልጃችን አንገቱን ደፍቶ ከኪሱ የጥፍር ያህል ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ ባልጩት አወጣ። የት እንዳነሣው ጠየቁት፤ አሳያቸው። እጁን ይዘው ወሰዱትና እዚያው ቦታ አስቀመጠው። ከዚያ በኋላ ነው ቡና ጠጥታችሁ ካልሆነ አትሄዱም ያሉን።