ምልክቱ ፍርድ አይደለም

የነገውን አስቀድሞ ለማወቅ መጓጓት ከጥንት ጀምሮ ከሰው ጋራ የኖረ ጠባይ ነው፤ በሕመም ጊዜ ግን ይህ ጉጉት ወደ ጭንቀት ይለወጣል። ሐኪም ከደም ጠብታ ወይም ከቅንጣት ሥጋ ምን እንዳነበበ ለመስማት በደጅ ተደርድሮ የሚጠብቅ ቤተ ሰብ ያየ ሁሉ ይህን ያውቃል። እኔም በታላቅ ወንድሜ ሕመም ምክንያት ከጠባቂዎቹ አንዱ ነበርሁ። ስለ ሆነም ስለ ጉበት ነቀርሳና የበሽታውን አካሄድ ስለሚያመለክቱት ምልክቶች የተረዳሁትን ለአንባብያን ማካፈል የሚገባ መስሎ ታየኝ።

ወንድሜ ስድሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ጉልበቱ እየደከመ፥ ቀኝ ጎኑን እያመመው፥ ሰውነቱም እየከሳ ሄደ። ምርመራው በጉበቱ ላይ እብጠት፥ በደሙም ውስጥ ለብዙ ዘመን ተሸሽጎ የኖረ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ መኖሩን አስረዳ። አልፋ ፌቶፕሮቲን የሚባለውም ምልክት በአንድ ሚሊ ሊትር ከ400 ናኖግራም በላይ ሆኖ ተገኘ። ዘመዶቻችን በሁለት ነገር ተጨነቁ። አንደኛ፦ «ቍጥሩ ለእርሱ አይነገረው፤ መርዶ ነው» አሉ። ሁለተኛ፦ ሐኪሙ «የዘረ መል ለውጥ» ብሎ ስለ ተናገረ፥ ሰባት ቤት ቈጥረው የሚያጋቡ እናቶቻችን «እንግዲህ በሽታው በዘራችን ካለ ልጆቻችንን ማን ያገባቸዋል?» ብለው ፈሩ።

አልፋ ፌቶፕሮቲን በማኅፀን ያለ ሕፃን ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን ነው፤ ከተወለደ በኋላ መጠኑ እየቀነሰ ሄዶ ሊጠፋ ጥቂት ይቀረዋል። በአውሮፓውያን አቈጣጠር (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) በ1963 ዓ.ም. ጋሪ አቤሌቭ የተባሉ የሞስኮ ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋራ የጉበት ነቀርሳ በያዛቸው አይጦች ደም ውስጥ አገኙት፤ በተከታዩ ዓመት ዩሪ ታታሪኖቭ በታመመ ሰው ደም ውስጥ መኖሩን ገለጡ። እንግዲህ የጐለመሰ ጉበት የጽንስነቱን ሥራ እንደ ገና ሲጀምር ሐኪም ይጠረጥራል፤ መጠኑም እጅግ ከፍ ሲል ብዙ ጊዜ በሽታው ብርቱ ነው። ሆኖም ነቀርሳ ኖሮባቸው ይህ ምልክት ከፍ የማይልባቸው ብዙዎች ናቸው፤ ነፍሰ ጡር ሴት ወይም ጉበቱ በብግነት የተጐዳ ሰው ደግሞ ነቀርሳ ሳይኖርባቸው ከፍ ሊልባቸው ይችላል። ስለዚህ ብቻውን የሚበቃ ምስክር አይደለም።

እናቶቻችንን ያስፈራው «ዘረ መል» የሚለው ቃል ግን ሌላ ትርጓሜ አለው። በእያንዳንዱ የሰውነታችን ሕዋስ ውስጥ ሥራውን የሚያዝዝ እንደ ጽሑፍ ያለ ነገር ይገኛል። ከወላጆቻችን የወረስነው ጽሑፍ አንድ ነገር ነው፤ በአንድ ሰው ጉበት፥ በአንዲት ሕዋስ ላይ፥ ከዕድሜ ብዛት ጋራ የሚደርስ የፊደል ስሕተት ግን ሌላ ነው። ይህ ሁለተኛው ከአባት ወደ ልጅ አይተላለፍም፤ በጉበት ነቀርሳ ከሚገኙት ለውጦችም አብዛኞቹ የዚህ ዓይነት ናቸው። ለምሳሌ በ1991 ዓ.ም. መርማሪዎች በቻይናና በደቡባዊ አፍሪካ ከነበሩ ሕሙማን እብጠት ወስደው ሲመረምሩ፥ ሕዋስን ከመበላሸት በሚጠብቀው ፒ 53 በሚባለው ዘረ መል ላይ፥ በአንድ ስፍራ ተመሳሳይ ስሕተት ደጋግመው አገኙ። ይህም በሻገተ በቆሎና ኦቾሎኒ ላይ የሚገኘው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ የሚተወው አሻራ ነው። እንግዲህ በእነዚያ ሰዎች ጽሑፉን ያበላሸው የአያቶች ዘር ሳይሆን የጎተራ እርጥበት ነበር ማለት ነው።

ከዚህም የሚያስደንቀው በ2008 ዓ.ም. የታተመው ጥናት ነው። ሊቃውንቱ እብጠታቸው በቀዶ ጥገና የወጣላቸውን ሕሙማን ሥጋ ሲመረምሩ፥ የሕይወታቸውን ርዝመት ለመገመት የረዳቸውን የ186 ዘረ መሎች ምልክት ያገኙት በእብጠቱ ሳይሆን በዙሪያው በቀረው ጉበት ውስጥ ነው። መሬቱ ከተበላሸ አንዱን አረም ነቅሎ መጣል አይበቃም፤ ስለዚህ ከቀዶ ጥገና በኋላም ቫይረሱን በመድኃኒት መቈጣጠርና መጠጥን መተው ያስፈልጋል።

ምልክት ለማስፈራት ብቻ እንዳልሆነም ሌላ ማስረጃ አለ። ራሙሲሩማብ የተባለው መድኃኒት በ2015 ዓ.ም. በታተመው ሙከራ በሕሙማኑ ሁሉ ሲመዘን በቂ ጥቅም አላሳየም፤ ነገር ግን አልፋ ፌቶፕሮቲናቸው 400ና ከዚያ በላይ የሆኑት የተጠቀሙ መሰለ። እነርሱን ብቻ ለይተው እንደ ገና ሲሞክሩት፥ በ2019 ዓ.ም. እንደ ታተመው፥ መድኃኒቱን ከወሰዱት እኩሌቶቹ ከ8.5 ወር በላይ፥ ካልወሰዱት እኩሌቶቹ ከ7.3 ወር በላይ በሕይወት ቈዩ። ጭማሪው ጥቂት ነው፤ ሆኖም ክፉ ወሬ ብቻ የነበረው ቍጥር መድኃኒት ለማን እንደሚሰጥ የሚመራ ሆነ።

ለወንድሜ ቍጥሩ ይነገረው ወይስ ይሸሸግ በሚለው ክርክር የንስሐ አባታችን «ሰው ስለ ራሱ ነገር የመጨረሻ ሰሚ ሊሆን አይገባውም» ብለው ነገሩን ቈረጡት። እኔም ወደ ሐኪሙ አብሬው ገባሁ። ወንድሜ «ዶክተር፥ ይህ ቍጥር ስንት ፋሲካ ይሰጠኛል?» ብሎ ጠየቀ። ሐኪሙም «አባቴ፥ ቍጥሩ የሚናገረው ስለ ብዙ ሰዎች ነው። ከመቶ ሕሙማን ብዙዎቹ ምን እንደ ደረሰባቸው ይነግረኛል፤ እርስዎ ከመቶው የትኛው እንደ ሆኑ ግን አይነግረኝም። በሽታው ብርቱ መሆኑን አልሸሽግዎትም» አለው። ወንድሜ ጥቂት ዝም ብሎ «እንግዲያስ ልጆቼ ይመርመሩ» አለ።

ተመረመርን። ታናሽ እኅታችንና ከልጆቹ አንዲቱ ቫይረሱ ተገኘባቸው። ልጂቱ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ መድኃኒት ተሰጣት፤ ሕፃንዋም በተወለደች በ24 ሰዓት ውስጥ ተከተበች። ወንድሜ ቦታውንና ዕዳውን በሥርዓት አስተካክሎ፥ ሁለት ፋሲካ ከእኛ ጋራ ፈስኮ፥ የልጅ ልጁንም ክርስትና አይቶ ዐረፈ። ቍጥሩን ሸሽገነው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይደረግም ነበር።

የተወደዳችሁ አንባብያን ሆይ፤ ከዚህ ሁሉ ለቤታችን የሚጠቅመውን እንያዝ። ሄፓታይተስ ቢ በደም፥ በሩካቤ፥ በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ፥ ባልተቀቀለ ምላጭም ይተላለፋል፤ በአንድ መሶብ በመብላትና በአንድ ስኒ ቡና በመጠጣት ግን አይተላለፍም። ክትባቱ ምን ያህል እንደሚጠብቅ ታይዋን ምስክር ናት፤ በ1984 ዓ.ም. ሕፃናትን መከተብ ከጀመረች በኋላ፥ ከ1981 እስከ 1986 ዓ.ም. ከ100,000 ልጆች 0.70 የነበረው የጉበት ነቀርሳ ከ1990 እስከ 1994 ዓ.ም. ወደ 0.36 ወረደ። በአገራችን ክትባቱ ለሕፃናት ሁሉ መሰጠት የጀመረው በ2007 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ ከዚያ በፊት የተወለድን ብዙዎቻችን አልተከተብንም። ስለዚህ እንመርመር። የተገኘበትም ሰው ሐኪሙ እንዳዘዘው ጉበቱን በየጊዜው ያስመርምር፤ በየስድስት ወሩ በአልትራሳውንድ መታየት የሚያስፈልጋቸው ብዙዎች ናቸው። ለጋብቻም የሚከለክል ነገር የለም፤ ነጻ የሆነው ወገን አስቀድሞ ይከተባል። የሻገተውን እህል ደግሞ አጥቦ ወይም ቀቅሎ መብላት መርዙን ስለማያጠፋው፥ ጎተራችንን ከእርጥበት እንጠብቅ።

ዘመንን መቍጠር የእኛ ሥራ አይደለም፤ የተሰጠንን ዘመን ለቤተ ሰባችን በሚጠቅም ነገር መሙላት ግን የእኛ ነው። ከደም የሚነበበው ምልክትም ለዚሁ እንዲረዳን እንጂ ተስፋችንን እንዲቈርጥ አናድርገው።