የፈሪ እጅ

ሰው የሚወደውን ነገር አጥብቆ ይይዛል ይባላል። እኔ ግን በዕድሜዬ እንደ ተመለከትሁት፥ ሰው ከሚወደው ይልቅ የሚፈራውን አጥብቆ ይይዛል። ይህን ያስተማረኝ የ11 ዓመት ልጅ ነው፤ ያስተማረኝም በእባብ ነው። አንባቢ ሆይ፥ እባብ ስልህ አትደንግጥ፤ እኔም በመጀመሪያ ደንግጬ ነበር።

የተወለድሁት በኢሉባቦር፥ በመቱ ከተማ ነው። በእኛ አገር እባብ ሲታይ ዱላ ይነሣል እንጂ ጥያቄ አይነሣም። አንዱ ጎረቤት በኦሮምኛ «ቦፋ!» ብሎ የጮኸ እንደ ሆነ፥ የመንደሩ ሰው ሁሉ ዱላውን ይዞ ይሮጣል፤ በዚህ ነገር የቋንቋ ልዩነት የለብንም። እኔም ከጎተራ ሥር፥ ከቡና ጥላ፥ ከሶር ወንዝ ዳር ያገኘሁትን ሁሉ እየቀጠቀጥሁ አደግሁ። የትኛው መርዝ እንዳለው፥ የትኛውም እንደሌለው አልጠየቅሁም፤ የነገረኝም ሰው አልነበረም። ከዚያም አስተማሪ ሆኜ ብዙ ዘመን አገለገልሁ። ተማሪ ሲያጠፋ የምይዘው በጆሮው ነበር፤ ይህንም እንደ ጥሩ ሥርዓት እቈጥረው ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጄን ልጠይቅ ወደ አሜሪካ፥ ወደ ቨርጂኒያ ሄድሁ። የልጅ ልጄ በሚተኛበት ክፍል የመስተዋት ሣጥን አየሁ፤ ቀረብ ብዬ ብመለከት ብርቱካንማ መልክ ያለው እባብ ተጠምጥሞ ተኝቷል። ልጄ «አባዬ፥ የበቆሎ እባብ ነው፤ መርዝ የለውም» አለችኝ። ያን ሌሊት በሩን ከውስጥ ቈልፌ፥ ከበሩ ሥርም ፎጣ ወትፌ አደርሁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ አይደል!

ስሙ ግን ከልቤ ገባ። ይህ እባብ የደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ተወላጅ ነው፤ ሲያድግ አንድ ሜትር፥ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይረዝማል። የበቆሎ እባብ የተባለው በገበሬዎች ጎተራ አይጥ ሲያድን ስለሚገኝ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ የሆዱ ዝንጕርጕርነት የበቆሎ ፍሬ ስለሚመስል ነው ይላሉ። እኔ የመጀመሪያውን መረጥሁ፤ የእኛም ቤት ጎተራ አለውና። ለካስ በአገራችንም ጠባዩ ይህን የሚመስል ቡናማ የቤት እባብ አለ፤ መርዝ የለውም፤ ሲሳዩ አይጥ ነው። ስንቱን ገድዬ ይሆን?

በሳምንቱ ልጁ «አባባ፥ መያዝ ላስተምርህ» አለኝ። (አንቱ ማለትን አላስተማሩትም፤ እኔም ተውሁት።) እምቢ ብዬ ሦስት ቀን ካለፈ በኋላ እሺ አልሁ።

አስቀድሞ እጄን በሳሙና አስታጠበኝ። እጅ የአይጥ ወይም የሥጋ ሽታ ካለበት እባቡ ምግብ መጣልኝ ብሎ ሊነክስ ይችላልና፤ እባብ በምላሱ ነው የሚያሸትት። ከያዙት በኋላም መታጠብ ግዴታ ነው፤ በቆዳው ላይ የሆድ በሽታ የሚያመጣ ተሐዋስ ሊኖር ይችላል። ቀጥሎም የማይያዝበትን ጊዜ ነገረኝ። በበላ በሁለት ቀን ውስጥ አይነካም፤ ቢነካ የበላውን ያስመልሰዋል። ቆዳውን ሊጥል ሲል ዓይኑ እንደ ወተት ይደፈርሳል፤ ያን ጊዜ አጥርቶ ስለማያይ ይፈራል፤ አይነካም። ወደ አዲስ ቤት የመጣም እንደ ሆነ፥ እስኪረጋጋና መብል እስኪበላ አንድ ሳምንት ያህል ይተዉታል። «እንግዳ ነዋ!» አለኝ ልጁ። እኔ አዲስ ተማሪ በመጣ ዕለት ስሙን እየጠራሁ ከሰሌዳው ፊት አቆመው ነበር።

ከዚያም እጄን ከላይ ወደ ታች ስዘረጋ ያዝ አደረገኝ። «ከላይ አይደለም፤ ከላይ የሚመጣው ጭልፊት ነው። ከጎን ና፤ ቀስ በል» አለኝ። ራሱን መጨበጥ፥ ጅራቱን ይዞ ማንጠልጠል ፈጽሞ የተከለከለ ነው። አንዱን እጅ ከወገቡ ሥር፥ ሁለተኛውንም ራቅ አድርጎ ከሥሩ በማግባት፥ አካሉ ሳይንጠለጠል ማንሣት ይገባል። ከተነሣም በኋላ አይጨበጥም። ወደ ፊት ሲሄድ እጅህን እያፈራረቅህ መንገድ ትሆንለታለህ እንጂ መንገድ አትዘጋበትም። አንገቱን እንደ መንጠቆ ካጠፈ፥ የጅራቱን ጫፍ ካንቀጠቀጠ፥ ወይም መጥፎ ሽታ ካወጣ ፈርቷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ሳይነጥቁና ሳይወረውሩ ወደ መደበቂያው ይመልሱታል። ሳይፈራም ቢሆን አሥር ደቂቃ ያህል ይበቃዋል።

አነሣሁት። እንደ ጠበቅሁት ቀዝቃዛና የሚያሙለጨልጭ አልነበረም፤ ደረቅና ለስላሳ ነበር። እኔ ስጨብጠው ይታገለኛል፤ እጄን ሳላላ ይረጋል። «ይወድሃል?» ብዬ ልጁን ጠየቅሁት። ጥቂት አስቦ «አይመስለኝም። ግን አይፈራኝም» አለኝ።

ባለፈው ታኅሣሥ ልጁ ከእናቱ ጋር ለዕረፍት ወደ መቱ መጣ። በቆሎው ተሸልቅቆ ጎተራው ሞልቶ ነበር። አንድ ቀን ጧት ከጎተራው ሥር፥ ከማገዶው ክምር መካከል፥ ጠቈር ያለ እባብ ብቅ አለ። ጎረቤት «ቦፋ!» ብሎ ጮኸ። ዘወር ስል ልጁ ወደ ፊት እየሄደ ነው፤ ከጎን፥ ቀስ ብሎ፥ መዳፉን ዘርግቶ፤ ልክ እኔን እንዳስተማረኝ።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያውቅልኝ የምሻው ነገር አለ። የኢሉባቦር ደን የቨርጂኒያ የመስተዋት ሣጥን አይደለም። እፉኝት አለ፤ ጥቁር የደን ኮብራም አለ። ከመቱ ወደ በደሌ ስንሄድ የምንሻገረው የዶኪ ድልድይ እንኳ በሊቃውንት መጽሐፍ የታወቀው በእባብ ነው። ቮልፍጋንግ ቦመ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ፥ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ አንድ ዓይነት እፉኝት እ.ኤ.አ. በ1977 ለዓለም ሲያስታውቅ፥ የተገኘበት ቦታ ብሎ የጻፈው ይህንኑ ድልድይ ነው፤ ስሙንም በላቲን «ዓይነ ትንሽ» አለው። ያ ከማገዶው የወጣው እባብ ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ እኔ አላውቅም፤ ልጁም አያውቅም ነበር።

ዘልዬ ክንዱን ያዝሁት። ያዝሁት ማለት አይበቃም፤ ጨመደድሁት። ጐትቼ ወደ ኋላ ስጥለው ጮኸ። እባቡም በድንጋጤያችን መካከል ወደ ክምሩ ተመልሶ ገባ።

ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት ክምሩ በእሳት ይቃጠል አሉ። ልጃቸው ቡና ሲለቅም እባብ እግሩን ነድፎት ነበር። ዘመዶቹ እግሩን በገመድ ጥብቅ አድርገው አሰሩ፤ በምላጭ በጡት፤ ሆስፒታል የደረሰው በማግሥቱ ነው፤ እግሩም ተቈረጠ። ማሰሩም፥ መብጣቱም፥ በአፍ መምጠጡም ጉዳት ነው፤ የሚገባው የተነደፈውን አካል ሳያንቀሳቅሱ፥ ቀለበትና ጫማውን አውልቀው፥ ሰውየውን ሳያስሮጡ ተሸክመው ፈጥኖ ወደ ሐኪም ማድረስ ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት የእባብን ንድፊያ ችላ ከተባሉት የሐሩር አገር በሽታዎች መዝገብ ያገባው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። እንግዲህ እኒህን እናት «እባብ አይገደልም» ብዬ የምቈጣበት አፍ ከየት ይመጣል? ለምኛቸው እሳቱን ተዉት። ሁላችንም ራቅ ብለን ቈየን፤ ውሎ አድሮ ማገዶውን ከሩቅ በረጅም እንጨት እየሳብን ከጎተራው አራቅነው፤ የፈሰሰውንም በቆሎ ጠረግን። እባቡ ዳግመኛ አልታየም።

ማታ ልጁ በኵራዝ መቅረዝ ሳይሆን በአምፑል ብርሃን እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን አሳየኝ። የአራት ጣቶቼ ምልክት ቀልቶ ነበር። «ይቅርታ አድርግልኝ ልጄ፤ ፈርቼ ነው» አልሁት። «እዚህ ያለውን እባብ ግን አይነካም። የማታውቀውን መያዝ አይቻልም፤ በደንብ መያዝ ብታውቅም እንኳ።»

«አውቃለሁ አባባ፤ አሁን አውቃለሁ» አለ።

ቀጥሎም ሁለቱን እጆቼን ወስዶ መዳፋቸውን ወደ ላይ ገለበጠና አራራቃቸው፤ የቀላውንም ክንዱን በላያቸው ላይ አጋደመ። ጣቶቼ ሊታጠፉ ሲሉ «እንዲያ አይደለም» አለኝ። ተውሁት። የሕፃን ክንድ ነው፤ ሆኖም ከበደኝ። ጥቂት ቆይቶ እዚያው እንቅልፍ ወሰደው፤ እኔም እጄን ሳልነቀንቅ ቈየሁ።