ጥጥ የለበሰው ፉርጎ

ባቡር ከድንበር ማዶ ገዳሪፍ ደርሷል እንጂ መተማን አያውቃትም። የድሮው የጅቡቲ ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብቶ ቆመ፤ በ2009 የተመረቀውም ከሰበታ አላለፈ። እኔም ለማስተማር ልምምድ መተማ ስመደብ ፉርጎዬን በካርቶን ሠርቼ ሄድኩ፤ ያውም ሙቀት የማያስገባውን ዓይነት። ይህ ፉርጎ ማቀዝቀዣ ሞተር የለውም። ግድግዳው ድርብ ነው፤ በመካከሉ ሙቀት የማያሳልፍ ነገር ይጠቀጠቃል፤ ቀዝቅዞ የገባ ዕቃ ቀዝቅዞ እንዲወጣ። እኔ የመተማን ጥጥ ጠቀጠቅሁበት። ልኩ 1 ለ87 ነው፤ የ12 ሜትሩ ፉርጎ 14 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆነ።

የቆላውን ሙቀት የቀመሰ ያውቀዋል። በረዶው ደወል ሳይደወል ውኃ ሆኖ ተንጠባጠበ። አንዲት ተማሪ፣ «ቲቸር፣ የክትባቱ ሳጥን ግን ቀኑን ሙሉ ይቆይ የለ?» አለችኝ። ገምጋሚው መምህር ኋላ ተቀምጠዋል። «ጥጡ አንሶ ነው» ብዬ አለፍኩ። ሳላውቅ መመለሴ ነበር።

ማታ አሰላሁት። ርዝመት በ87 እጅ ሲያንስ የግድግዳው ስፋት በ7,569፣ የሆዱ ይዘት ግን በ658,503 እጅ ያንሳል። እንግዲህ ለአንድ ሊትር ይዘት ሙቀት የሚገባበት ግድግዳ 87 ጊዜ በዛ፤ ጥጡም አብሮ ሳሳ። መልክ በልክ ይቀነሳል፤ ሙቀት ግን አይታዘዝም።

በማግሥቱ አንድ የጭቃ ኩብ ፊታቸው 8 ቦታ እኩል ቆረጥኩ። ልጅቷ ቆጠረች፤ 48 ትናንሽ ገጾች። አራት አራቱ አንድ ትልቅ ገጽ ስለሚሞሉ፣ 6 የነበረው 12 ሆነ። «ትናንት የመለስኩልሽ ትክክል አልነበረም» አልኳት። ክፍሉ ሳቀ። እሷ ግን አልሰማችኝም፤ ጭቃውን መልሳ እየገጣጠመች ነበር።