ሐረና፦ ከሰናቴ እስከ ደሎ መና

በዚህ ወር ወደ ባሌ እንጓዝ።

ከጎባ ተነስቶ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን የሰናቴን አምባ ያቋረጠ መንገደኛ፣ ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ስታድን አይቶ ወደ ደቡብ ቁልቁል ሲወርድ የሐረና ደን ይቀበለዋል። መጀመሪያ አስታ፣ በሪራ መንደር አካባቢ ኮሶና ቀርከሃ፣ ከታች ደግሞ ዝግባና የዱር ቡና ያገኛል። በኢትዮጵያ ብቻ የምትገኘው የባሌ ጦጣ ቀርከሃውን ትመገባለች፤ ጉሬዛው ከዛፍ ዛፍ ይዘላል፤ አንበሳም አለ። መንገዱ ገደላማና አዳላጭ ስለሆነ አገሩን የሚያውቅ መሪ ያስፈልጋል።

የዙህር ሶላት ወቅት ሲደርስ ውዱእ የሚደረግበት ምንጭ አይጠፋም። ከሐረና መካ በስተ ሰሜን ናት፤ ስለዚህ ተጓዡ ፊቱን ወደ ወረደበት ተራራ መልሶ ይሰግዳል።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 ሪያድ ላይ በተካሄደው ጉባኤ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። መመዝገቡ ብቻውን ግን ደኑን አያድነውም። በ2000 የተነሳው እሳት ብዙ ደን አውድሟል፤ ለእርሻ የሚደረገው ምንጣሮም አልቆመም። ከባሌ የሚወርደው ውኃ ሶማሊያ ድረስ ይዘልቃል። ላይ የተቆረጠ ዛፍ ታች ያለውን ወንድማችንን ያስጠማል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሙስሊም ከተከለው ዛፍ ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላ ሰደቃ እንደሚሆንለት አስተምረዋል። አላህ ራሱ ያበቀለውን መጠበቅስ ምንኛ የላቀ ይሆን!

ወጣቶች! ሐረናን ሂዱና እዩ። ያነደዳችሁትን እሳት ግን በውኃ ሳታጠፉ አትነሱ።